ከራስጌ እስከ ግርጌ

ፖርታል ከተራ ድረ ገጽ የሚለየው በነዋሪዎቹ ብዛት ነው። ተራው ድረ ገጽ አንድ ባለቤት አለው፤ ያሻውን ጽፎ ያሻው ቦታ ይለጥፋል። ፖርታል ግን ዜናው የኮሙኒኬሽን፣ ጨረታው የግዥና ፋይናንስ፣ የሥራ ማስታወቂያው የሰው ሀብት፣ የቅሬታ ማቅረቢያው ደግሞ የማንም ያልሆነበት የጋራ ገጽ ነው። በዚህ ምክንያት ፖርታል ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ይጻፍ?» ሳይሆን «ማን የት ይቀመጥ?» የሚል ይሆናል። ሠርግ ደግሶ ዘመድ ያስቀመጠ ሰው የጥያቄውን ክብደት ያውቀዋል።

የገጽ አደላደል የሚባለው ሥራ ይህን ጥያቄ በመስመርና በሳጥን መመለስ ነው። ሶፍትዌሩ ባዶውን ገጽ በዐምድ ይከፍላል፤ በዐምዱ ውስጥ ሳጥን ይቀመጣል፤ በሳጥኑ ውስጥ ዜናው፣ የቀን መቁጠሪያው፣ መፈለጊያው ይገባል። ሳጥኑ በባለሙያዎቹ አፍ ፖርትሌት ይባላል። አደላደሉን ተለዋዋጭ የሚያሰኘው ደግሞ ሳጥኑን ከግራ ዐምድ አንሥቶ ወደ ቀኝ ማዛወር፣ ዐምዱን ማስፋትና ማጥበብ፣ ሁለቱን ዐምድ ሦስት ማድረግ የሚቻለው ፕሮግራሙን የጻፈውን ሰው ሳይጠሩ፣ በማውስ ጎትቶ በማኖር ብቻ መሆኑ ነው። ያሁ በ1996 እ.ኤ.አ. «ማይ ያሁ» የተባለውን አገልግሎት ከፍቶ ማንም ተጠቃሚ ዜናውንና የአየር ጠባዩን እንደ ፍላጎቱ እንዲደረድር ፈቀደ። በ2003 እ.ኤ.አ. የጃቫ ፖርትሌት ደንብ ወጣ፤ በአንዱ ፖርታል የተሠራ ሳጥን በሌላውም ፖርታል ገብቶ እንዲሠራ የታሰበበት ደንብ ነው። ሳጥን ከቤት ቤት መዘዋወር የጀመረው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ሶፍትዌሩ ሥራውን የሚጀምረው ምርጫ በማቅረብ ነው። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ታስቦ በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ላይፍሬይ፣ ለምሳሌ፣ አንድ ዐምድ፣ እኩል የተካፈሉ ሁለት ዐምዶች፣ ሠላሳ በሰባ፣ ሰባ በሠላሳ፣ ሦስት ዐምድ፣ ከላይ አንድ ሰፊ ከታች ሁለት ጠባብ እያለ ቅርጾቹን በትንንሽ ሥዕል ደርድሮ ያሳያል። አንዱን መንካት ነው፤ ሃያ ሴኮንድ አይፈጅም። መሥሪያ ቤት ግን ሃያ ሴኮንድ የሚፈጅ ውሳኔ አይወድም። ቴክኒክ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው ሰብሳቢና ጸሐፊ ይመርጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ቃለ ጉባኤው ለማኔጅመንት ይቀርባል። በመጨረሻ የሚመረጠው ቅርጽ የጎረቤት መሥሪያ ቤት የመረጠው ነው።

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ገጽ ከፍሎ መጻፍ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ሙያ አይደለም። ንፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የወረዳ ከተማ ከመባላቸው አስቀድሞ በዙሪያቸው ባሉ ደብሮችና ገዳማት ቁም ጸሐፊዎች ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መቃ ቀርጸው መጻሕፍት ይጽፉ ነበር። የእነርሱ የአደላደል ሕግ እንደ መጽሐፉ ጠባይ ይለያያል። ወንጌል በሁለት ዐምድ ይጻፋል። ትልልቁ ስንክሳር ሁለት፣ ሲሰፋም ሦስት ዐምድ ይይዛል። ዳዊት ግን አንድ ዐምድ ነው፤ አንዱ ስንኝ አንድ መስመር ስለሚይዝ ገጹን ለሁለት መክፈል ስንኙን መሰባበር ይሆናል። ስንኙ ከመስመሩ ከተረፈ ጸሐፊው የተረፈችውን ቃል ከመስመሩ ጫፍ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ በተገኘው ባዶ ቦታ ያስጠጋታል። በዚያው ጥራዝ መጨረሻ ውዳሴ ማርያም ላይ ሲደረስ ደግሞ ገጹ ወደ ሁለት ዐምድ ይለወጣል። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ጸሐፊ፣ ሁለት ዓይነት አደላደል፤ የተለወጠውም ጽሑፉ ስለተለወጠ እንጂ አዲስ ኃላፊ ስለተሾመ አይደለም።

መደቡ ከጽሑፉ ይቀድማል። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ በደነዘ ብረት ያለ ቀለም ያሰምራል። መስመሩ ሲነበብ ዐይን አይገባም፤ ገጹን አጋድሎ በብርሃን ላየው ግን አለ። የፖርታሉም መደብ እንዲሁ ነው። የገጹ አስተዳዳሪ፣ አድሚኑ፣ ወደ ማስተካከያው ሲገባ የሳጥኖቹ ድንበር በነጠብጣብ ይታያል፣ ሲወጣ ይጠፋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተለቀቀው ቡትስትራፕ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ገጹን በአሥራ ሁለት ዐምድ ያሰምረዋል፤ ብዙ ፖርታሎችም የሚመሩት በእርሱ ነው። አሥራ ሁለት ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራትና ለስድስት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ምቹ ቁጥር ነው። ለአምስት ግን አይካፈልም፤ አምስት ምክትል ኃላፊ ያሉበት መሥሪያ ቤት እዚህ ላይ ይቸገራል። መውጫው አራቱን በእኩል ቦታ አስቀምጦ አምስተኛውን ወደሚቀጥለው ረድፍ ማውረድ ሲሆን፣ ማን ይውረድ የሚለው ጉዳይ ከሶፍትዌሩ አቅም በላይ ነው።

ከመደቡ ቀጥሎ ራስጌው ይመጣል። በብራና መጽሐፍ ራስጌ ላይ ሐረግ ይሣላል፤ ሐረጉ አዲስ ክፍል መጀመሩን ያሳውቃል፣ ጽሑፉም ከሥሩ ወዲያው ይቀጥላል፤ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በቀይ ቀለም ይደምቃሉ። በመሥሪያ ቤት ፖርታል ራስጌ ላይ አርማ አለ፤ ከአርማው ጎን ባንዲራ አለ፤ ከሁለቱ ሥር ደግሞ እየተንሸራተተ የሚለዋወጥ ፎቶ አለ። ፎቶዎቹ በሦስት ይመደባሉ፦ ሰዎች ሲሰበሰቡ፣ ሰዎች ሪባን ሲቆርጡ፣ ሰዎች ችግኝ ሲተክሉ። እያንዳንዱ ፎቶ ከስልክ እንደወጣ ሳይመጠን ስለሚጫን የገጹ ክብደት አብዛኛው እዚያ ነው፤ ባለጉዳዩ በገዛው የሞባይል ዳታ መጀመሪያ ችግኙ እስኪወርድለት ይጠብቃል። ፎቶን ቀድሞ ማሳነስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የአብነት ትምህርት ቤቱ ዓለም «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ምክር የሰጠው ለሰው ነበር፤ ለራስጌም ይሠራል።

ወደ ዐምዶቹ ሲወረድ በብዛት የሚገኘው ሠላሳ በሰባ ነው። የቆዩት የላይፍሬይ ቅጂዎች አዲስ ገጽ ሲከፈት ራሳቸው የሚያቀርቡት እርሱን ስለሆነ፣ ያልመረጠ ሰው ሁሉ እርሱን እንደመረጠ ይቆጠራል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሠላሳው ለማውጫ፣ ሰባው ለዋናው ጉዳይ። በተግባር ሠላሳው በራዕይ፣ በተልዕኮና በእሴት ይሞላል። ሦስቱም በግቢው በር በቀለም ተጽፈዋል፣ በኮሪደሩ በመስታወት ገብተው ተሰቅለዋል፣ በየመጽሔቱ የውስጥ ሽፋን ታትመዋል፤ ፖርታሉ ላይ ካልተደገሙ ግን የጎደለ ነገር ያለ ይመስላል። ሰባውን የኃላፊው መልእክት ይወስዳል። ባለጉዳዩ የመጣበት ነገር፣ የልደት የምስክር ወረቀት ለማውጣት ምን እንደሚያስፈልግ፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ የጠፋበት አርሶ አደር የት እንደሚያመለክት፣ በሠላሳው ዐምድ ታች «ሌሎች» ከሚለው ቃል ሥር ይገኛል። ከዓይን እንቅስቃሴም ከደግነትም አንጻር የሚመከረው ተቃራኒው ነው፦ ሰው የሚፈልገው በሰፊው ዐምድ ከላይ፣ መሥሪያ ቤቱ ስለራሱ የሚለው በጠባቡ ከታች።

ተለዋዋጭ አደላደል ጥበቡ ሙሉ ሆኖ የሚታየው በዜማ መጽሐፉ በድጓ ገጽ ላይ ነው። ጋይንት ውስጥ ያለው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ ከየአገሩ ድጓ የተማሩ ደቀ መዛሙርት ለመምህርነት የሚመሰክሩት እዚያ ነው። የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት የሆነው ዙር አምባም ከዚያው ምድር አይርቅም። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት የደረሰው ዜማ ብዙ ዘመን በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በጽሑፍ ምልክት እንዳወጡለት ትውፊቱ ይናገራል። ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዎቹ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉት ቅርጾች ናቸው። ሁለተኛዎቹ አስቀድሞ ከታወቀ የዜማ ቃል ተቆርጠው የተወሰዱ ፊደላት ናቸው፤ ይህም ቃል እንደዚያኛው ይዜም ለማለት የሚጻፉ።

ይህ ሁሉ የሚገባው በመስመርና በመስመር መካከል ነው። ስለዚህ የድጓ ጸሐፊ ቃሉን በደቃቅ ፊደል ይጽፍና ከያንዳንዱ መስመር በላይ ከእርሱም የደቀቀ ሌላ ረድፍ የሚያስገባ ቦታ ይተዋል። ቃሉ ተጽፎ ሲያልቅ ገጹ ክፍት ክፍት ይላል፤ ያላወቀ ሰው ብራና ባከነ ሊል ይችላል። ከዚያ ምልክቱ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚያስገባው ቃሉን የጻፈው ሰው አይደለም። ጸሐፊው ማን መጥቶ ምን እንደሚጽፍ በሙሉ ሳያውቅ የሚበቃውን ያህል ቦታ ለይቶለት አልፏል። የፖርታል ቴምፕሌት የሚሠራ ሰው ዋና ሥራም ይኸው ነው፤ ገና ላልመጣ ጽሑፍ፣ ገና ላልተቋቋመ ክፍል፣ ምናልባትም ገና ላልተቀጠረ ባለሙያ ቦታ ማስተረፍ።

ይህን ለመሥሪያ ቤት ማስረዳት ቀላል አይደለም። ባዶ ዐምድ ያልተነካ በጀት ይመስላል፤ ሰኔ 30 ሳይደርስ መጨረስ አለበት። ስለዚህ ክፍት የተተወው ሁሉ በሰዓት፣ በቀን መቁጠሪያና በውጭ ምንዛሪ ተመን ይሞላል። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ላይ ዘጠኝ ይላል። መቁጠሪያው መስከረም 1 ቀን ሴፕቴምበር 11 ብሎ ይውላል፤ እንቁጣጣሽን አያውቅም። የምንዛሪው ተመን ደግሞ ከስማዳ ቆላ ማሽላ ጭኖ ወገዳ ገበያ ለወጣ ሰው የዶላሩን ዋጋ እስከ አራት አኃዝ ድረስ ዘርዝሮ ይነግረዋል። ሦስቱም ሳጥኖች በነፃ የሚገኙ ስለሆኑ የሚያወጣቸው የለም፤ አንዴ የገባ ሳጥን ጡረታ አይወጣም።

ሳጥን በዐምድ ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ አደላደልም በአደላደል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ላይፍሬይ ለዚህ የተለየ ፖርትሌት አለው፤ አንዱን ሳጥን ከፍቶ በውስጡ እንደገና ሁለት ወይም ሦስት ዐምድ ማስመር፣ በእነዚያ ውስጥም ሌሎች ሳጥኖች ማኖር ያስችላል። መካሪዎች ከሁለት ደረጃ በላይ አትውረዱ ይላሉ፤ ገጹ ይዘገያል፣ የተበላሸውን ፈልጎ ማግኘትም ጭንቅ ነው። የአገሩን ምሳሌ ለሚፈልግ የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ራሷ አለች። ከውጭ ሲያዩዋት በደቡብ ጎንደር ገጠር እንደተለመደው ክብ ቤት ናት። ወደ ውስጥ ሲገቡ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ፣ እጅግ የቆየ ባለአራት ማዕዘን ሕንፃ በክቡ ቤት መካከል ቆሞ ይገኛል። ኋላ የመጡት ሰዎች አሮጌውን አላፈረሱም፤ አዲሱን ዙሪያውን ሠርተው አለበሱት። የድሮውን የሠራተኞች መዝገብ ሳይነኩ በአዲስ ፖርታል መጠቅለል የሚፈልጉ የአይሲቲ ባለሙያዎች የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ልዩነቱ የእነርሱ ክብ ቤት በየዓመቱ መለወጡ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ፈቃድ ነው። ሳጥኑ ሊነሣ ስለቻለ ብቻ ማንም አያነሣውም። ፖርታል ለእያንዳንዱ ሰው የሥራ ድርሻ ይሰጣል፤ አንዱ ያነብባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ዐምድ ያዛውራል፣ አንዱ ሁሉን ያደርጋል። ሁሉን የሚያደርገው የይለፍ ቃል አንድ ሲሆን፣ ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር አብሮት ይዛወራል። ርክክብ ሲደረግ ጠረጴዛው፣ ወንበሩና የመደርደሪያው ቁልፍ በሞዴል ተሞልተው ይፈረምባቸዋል፤ የይለፍ ቃሉ በሞዴሉ ላይ መስመር የለውም። ብዙ ገጽ እንደነበረ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተለዋዋጭነቱ አልጠፋም፣ የሚለውጠው ሰው ነው የሌለው።

ከፈቃዶቹ ሁሉ ለተጠቃሚ የሚጠቅመው አድሚኑ አንዱን ዐምድ «የግል ማስተካከያ ይፈቀዳል» ብሎ ሲተወው ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ያን ዐምድ ለራሱ ብቻ በሚታይ መልክ ያደራጃል፤ የሌላውን አይነካም። ካልወደደውም «ወደ ነባሩ መልስ» የሚል ቁልፍ አለው። በድጓ ቤት ተማሪው ድጓውን ራሱ ጽፎ መያዙ የቆየ ልማድ ነው፤ የሰፋ ወይም የጠበበ፣ የተንጋደደ ወይም የተዋበ የራሱ ቅጂ ይኖረዋል። መምህሩ ፊት ሲቀርብ ግን ይታረማል። ከፖርታሉ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፤ የሶፍትዌሩ ቁልፍ የተጠቃሚውን ሥራ ሁሉ አጥፍቶ ይመልሳል፣ መምህሩ ስሕተቱን ብቻ ፍቆ ይመልሳል።

በቆዩት የላይፍሬይ ቅጂዎች ውስጥ ነፃ ቅርጽ የሚባል ምርጫም ነበረ። ዐምድ የለም፤ ሳጥኑን ከገጹ ላይ የፈለጉበት ይጥሉታል፣ አንዱ በሌላው ላይ ቢደረብም ግድ የለም። የዚህ ዓይነት አደላደል በየወረዳው ግቢ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ በላይ ፍጹም ሆኖ የተሠራበት ቦታ አይገኝም። ጨረታው በሙጫ ይለጠፋል፤ በጨረታው ላይ የቅጥር ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ በቅጥሩ ላይ የጠፋ በሬ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ የሚለምን ወረቀት ይለጠፋል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር የታቀፉ ወረዳዎች በመሆናቸው የተጠቃሚዎች የስም ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሁሉን ሸፍኖ ይውላል፤ ያን ዕለት የሌላው ወረቀት ባለቤት አይከራከርም። ሰሌዳው አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፦ ከላይ ያለው ሁልጊዜ የቅርቡ ነው። ፖርታሉ ላይ ከላይ ያለው የቅርቡ ይሁን የትልቁ ሰው ለማወቅ ቀኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ቀኑ ካለ።

ገጹ በስልክ ሲታይ ሕጉ ይለወጣል። በግንቦት 2010 እ.ኤ.አ. ኢታን ማርኮት የተባለው አሜሪካዊ ዲዛይነር አንድ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ዘዴ በጽሑፍ ካስተዋወቀ ወዲህ ለኮምፒዩተር አንድ፣ ለስልክ ሌላ ገጽ መሥራት እየቀረ መጥቷል። ስክሪኑ ሲጠብብ ጎን ለጎን የነበሩት ዐምዶች አንዱ በሌላው ሥር ይደረደራሉ። ደንቡ ቀላል ነው፤ በኮዱ ቀድሞ የተጻፈው ዐምድ ቀድሞ ይወጣል። በሠላሳ በሰባው ገጽ ቀድሞ የተጻፈው ደግሞ ሠላሳው ነው። ስለዚህ ስልክ የያዘ ሰው ራዕዩን አልፎ፣ ተልዕኮውን አልፎ፣ እሴቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ገፍቶ ካለፈ በኋላ ነው ወደ ዋናው ጉዳይ የሚደርሰው። ጠባብና ረጅም ገጽ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ ክታብ የሚጻፈው በጠባብ የብራና ጥብጣብ ላይ በአንድ ዐምድ ነው፣ ርዝመቱም በልማዱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል። ለአንድ ሰው ታስቦ በአንድ ሰው ልክ ስለተሠራ ትርፍ ነገር የለውም። የመሥሪያ ቤቱ ገጽ በስልክ ተዘርግቶ ቢለካ ከባለጉዳዩ ቁመት ይበልጣል።

ከስክሪኑ መጥበብ የሚከፋው የመስመር መጥፋት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ የተዘረጋው ወረዳኔት ወረዳዎችን በሳተላይት ከማእከል ጋር ያገናኘ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ይበልጥ የታወቀው ግን በቴሌቪዥን ስብሰባ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ለሰፊም ለጠባብም ስክሪን የሚመጥን ገጽ መሥራት ይቻላል፤ መስመር ለሌለው ስልክ የሚመጥን አደላደል ግን እስካሁን በየትኛውም ቴምፕሌት ውስጥ የለም። ያን ጊዜ የወረዳው ሕዝብ የተመለሰው ወደ ሰሌዳው ነው።

ከአደላደል ጋር የሚያያዝ አንድ የፊደል ጉዳይ አለ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎች አያነሡትም። ቀድሞ የአማርኛ ድረ ገጾች በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ ይጻፉ ስለነበር፣ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ገጹ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይወጣ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ይህ ችግር መፍትሔ አገኘ። የዐምዱ ችግር ግን ቀረ። ቁም ጸሐፊ መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን በደረሰበት ፊደል ላይ ቆርጦ የቀረውን ወደሚቀጥለው መስመር ያሳልፋል፤ መቆረጡን የሚያሳይ ጭረት እንኳ አያደርግም። አንባቢው ቃል የሚያልቀው በሁለት ነጥብ መሆኑን ስለሚያውቅ አይሳሳትም፣ የዐምዱ ጠርዝም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ኮምፒዩተር ግን ቃሉን መካከሉ ላይ አይቆርጥም፤ ክፍት ቦታ እስኪያገኝ ይጠብቃል። አማርኛ ደግሞ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውንና መስተዋድዱን በአንድ ግስ ላይ አሳፍሮ የሚሄድ ቋንቋ ነው። «እንደማያስመዘግቡላቸው» የሚለው ቃል ወደ ጠባቡ ዐምድ ሲገባ ወይ ብቻውን መስመር ይዞ ከፊቱ ያለውን መስመር ባዶ ያስቀረዋል፣ ወይ ከሳጥኑ ወጥቶ ጎረቤቱን ይረግጣል። መስመሮቹ ከግራና ከቀኝ እኩል ይውጡ ከተባለ ደግሞ በቃላቱ መካከል በግ የሚያሳልፍ ክፍተት ይከፈታል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንዱ ለአማርኛ ገጽ ጠባብ ዐምድ አለመስጠት ነው፤ ይህ ይመከራል። ሁለተኛው ቃሉን በየትኛውም ፊደል ላይ ቁረጠው የሚለውን የድረ ገጽ ትእዛዝ መጠቀም ነው፤ ትእዛዙ አለ፣ የሚጠቀምበት ግን ብዙ አይደለም፤ ኃላፊው ሲያየው ተሳስታችኋል ይላል።

የመጨረሻው ክፍል ግርጌው ነው። በብራና መጽሐፍ መጨረሻ ጸሐፊው ያስጻፈውን ሰው ስም ጠርቶ፣ ራሱን ኃጥእና ደካማ ብሎ፣ አንባቢ በጸሎት እንዲያስበው ይለምናል፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ እንዲወገዝም ይጨምራል። የፖርታልም ግርጌ ስምንና ግዝትን አላስቀረም። የሠራው ድርጅት ስሙን በትንንሽ ፊደል ይጽፋል፤ ከጎኑ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው ግዝት ይከተላል፤ ዓመተ ምሕረቱም ገጹ በተከፈተበት ዓመት ላይ ቆሟል። ከዚህ በታች የሚቀረው የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ነው። ስልክ ቁጥር ዐምድ አይመርጥም፤ በሠላሳውም በሰባውም ያው ነው። ነካ ሲያደርጉት እንዲደውል ከተፈለገ ኮዱ ላይ አንድ ቃል መጨመር ይበቃል፤ ቁጥሩ በፎቶ ውስጥ ተጽፎ ከተለጠፈ ግን አይሠራም፣ ባለጉዳዩም በወረቀት ገልብጦ መደወል ይኖርበታል።